በእኔ ስም የመለስሽው መልስ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ ሐሴት፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት ላንቴ እርሻችን ድረስ ወርዶ ሙዙን አይቶ ተመልሷል። አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ንዴቴ ቀደመኝና ዘጋሁት። የአክስትሽ ልጅ ዘሚካኤል አዲስ አበባ ሊመጣ ሲል ጽፌ ሰጠሁት።

ነገሩ የዳጣችን የፌስቡክ ገጽ ነው። ፎቶዬን ለጥፈሽ «የዘሪቱ ዳጣ» ስትዪው የተሰማኝን ኩራት አልደብቅሽም። ገበያም አመጣሽልኝ፣ ተባረኪ። ግን ባለፈው ጎረቤታችን ወለቴ እዚያ ላይ ምን ብላ ጻፈች? «የገዛሁት ብልቃጥ ሻግቶ አገኘሁት፣ እባካችሁ እዩት።» ስድብ የለው፣ ክስ የለው። አንቺ ግን «ደህና ነገር ያልለመደ አፍ ሰበብ አያጣም» ብለሽ መለስሽላት፣ ከነሚስቀው ምስሉ። ከዚያ የእሷን ጽሑፍ አጥፍተሽ ገጹን ዘጋሽባት። ያጠፋሽው መስሎሻል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ቀድሞ ፎቶ አንስቶት ሲቀላን አዳርሶታል። ሱቅ የምታግዘኝ አይዳ ናት ያሳየችኝ፤ እሷም እያፈረች።

ዳጣው ደግሞ እውነትም ሻግቷል። ያን ቀን ቃሪያው በደንብ ሳይጠፈፍ ነው የተፈጨው። «ይቅርታ፣ እንለውጥልሻለን» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ሱቅ መጥታ ፊትሽ ቆማ ብትናገር እንደዚያ ትመልሺላት ነበር?

የተሳደበችው ሐሴት መሆኗን ማን ያውቃል? ስሙ የእኔ፣ መልኩ የእኔ! ገበያ ስወጣ ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። እሁድ የጌታ እራት ሲታደል ወለቴ አቀርቅራ ስታለቅስ አየኋት። ሰው አስቀይሜ እንዴት እወስዳለሁ ብዬ ኅብስቱን አሳለፍኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተከትያት ቤቷ ገባሁ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ማውጣት አቃተኝ። እጄን ያዘችኝና፣

«እኔስ ይቅር ብያለሁ ዘሪቱ» አለችኝ። «ብቻ አደራ፣ ለሐሴት እንዳትነግሪያት። እኔው አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። እናቷ እንዲህ እንዳለችኝ ብትሰማ በጣም ታዝናለች።»

«እሺ፣ አልነግራትም» አልኳት።

አሁን የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው። እዚያው በሰደብሻት ቦታ፣ በአደባባይ፣ በራስሽ ስም ይቅርታ ጠይቂያት። ከዚያም ደውዪላት፤ ወደ እኔ አትደውዪ፣ መጀመሪያ ወደ እሷ። የጻፍሽው አንቺ መሆንሽን ካወቀች በኋላ እንደ ድሮው «ልጄ» ትበልሽ እንደሆነ አላውቅም። ያን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት፣ ልጄ።

ጌታ ትሑት ልብ ይስጥሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ዘሪቱ