ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴትዮ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የጠዋት ሺፍት፣ አረጋውያን መጦሪያው ኬር ሆም። ሚስተር ኮል አልታጠብም ብሎ ፎጣውን ወረወረብኝ። ተጣላን፣ ታረቅን፣ ታጠበ። ሲጨርስ ፀጉሬን በደንብ አበጥሪልኝ አለኝ፤ ወይ የዚህ ሰውዬ ነገር። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። በዝናብ ሰፈሬ ስትሪትሃም ድረስ በእግሬ።

ቤት ስገባ ኪዲ ፖስተሩን ልካለች። የእህቴ ልጅ፣ እዚሁ ፈረንጅ አገር ተወልዳ ያደገች፣ ማርኬቲንግ ነው የምትሠራው። "የምርጫ ቅስቀሳውን እኔ ይዤዋለሁ አክስቴ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ሳቂ" ብላኛለች። ሦስት መቶ አባል ላለው መረዳጃ ማኅበር ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ! ድሮ "ሰብሳቢ" ነበር የምንለው። ደንቡ ሲሻሻል "ፕሬዝዳንት" ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይፈልገዋል። እኔም እፈልገዋለሁ፤ ለራሴ ምን እደብቃለሁ።

ፎቶው ያምራል። አሥር ዓመት ቀንሳልኛለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል... "ሲስተር ፀሐይወርቅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት። የምታምኗት እጅ።"

ነርስ አይደለሁም። ኬር አሲስታንት ነኝ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የማፍርበት ሥራ አይደለም። አይደለም? ታዲያ ለምን ለኪዲ አልነገርኳትም?

"በጣም ቆንጆ ነው" ብዬ መለስኩላት።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ሲጀመር እንዴት እንደነበር ዛሬ ሳስበው ዋልኩ። ከሥራ በቀጥታ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ ክርስትና ቤት ሄድኩ። አንድ ሕፃን አተኮሰው። ለካሁለት፣ ልብሱን አሳሳሁለት፣ በረደለት። የማኅበራችን አቶ ዘውዴ "ሲስተር ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!" አሉ። አገር ቤት ነርስ ሲስተር ናት፤ ዩኒፎርም አዩ፣ ሲስተር አሉ። "ኧረ እኔ ነርስ አይደለሁም" ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃ ነበር። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።

አሁን ወንበር ይለቀቅልኛል። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ሚስቱ እንቅልፍ ማጣት ይጠይቀኛል ሰው። መልስ አጥቼ አላውቅም። የማላውቀው ሲመጣ "ውኃ አብዛ፣ እረፍት አድርግ" እላለሁ። እስካሁን ማን ሞተብኝ?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

እማማ እታለማሁ ጋ ሄድኩ። ሁለት መንገድ ነው የሚለያየን። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን በአንዲት አፓርታማ ይኖራሉ፣ ፍላታቸው ላይ አንዲት አቧራ አትታይም።

ምስክሬ ናቸው። የማኅበራችን ልማድ ነው፤ ተወዳዳሪ ሁሉ አንድ ትልቅ ሰው ያመጣል፣ እሱም በጉባኤው ፊት ተነሥቶ "አውቀዋለሁ" ወይም "አውቃታለሁ" ብሎ ይቀመጣል። ሌላ ንግግር የለውም። ብዙ ሰው ድምፁን የሚሰጠው ያንን ሰምቶ ነው።

እግራቸውን አሳዩኝ። ቁርጭምጭሚታቸው እብጥ ብሏል።

"ይሄ የግፊት ኪኒን መሰለኝ እንዲህ ያደረገኝ። ምን ትያለሽ ሲስተርዬ?"

ሥራ ቦታ አንዷ አሮጊት እንዲህ ሆና ሐኪሙ መድኃኒቷን ሲቀይርላት አይቻለሁ። "አዎ እሱ ነው" አልኩ። "ለጥቂት ቀን ይተዉትና ይዩት።"

"ጂፒ ጋ፣ ሐኪሙ ጋ ልደውል እንዴ?"

"እነሱን ለማግኘት ሳምንታት ነው፤ ምን ያደርጉልዎታል።"

መረቁኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ደምመላሽ ደወለ። ተቀናቃኜ። የሱ ፖስተር ደግሞ "ኢንጂነር ደምመላሽ" ነው የሚለው።

"ሲስተር፣ እኛ የተከበርን ሰዎች ነን። ጉባኤው ላይ ወደ ግል ሥራ ባንገባ ይሻላል። ባለቤቴ ካንቺ ጋር አንድ ኬር ሆም ሠርታ እንደነበር ታውቂያለሽ..."

ገባኝ። አወቀብኝ። ግን እኔም አውቅበታለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት አውቶቡስ ነጂ ነው። አገር ቤት ሁለት ዓመት ቴክኒክ ተምሯል፣ እሱን ይዞ ኢንጂነር። አውቶቡስ መንዳት ምን ነውር አለው? ይሄን ሁሉ ሕዝብ በሰላም ያደርሳል እኮ!

"አንነካካ ነው የምትለኝ?" አልኩት።

"እንከባበር ነው የምለው።"

"እሺ" አልኩ። ወዲያው፣ ሳላቅማማ።

አርብ፣ የካቲት 6

እማማ እታለማሁ ትናንት ወጥ ቤት ወድቀው ተገኙ። ልጃቸው ሚካል ከክሮይደን ልትጠይቃቸው መጥታ ነው ያገኘቻቸው። ትንሽ ስትሮክ ነው ብለዋል። አፋቸው ወደ ግራ ጠመም ብሏል፣ ቀኝ እጃቸው ኩባያ አይዝም።

ሆስፒታል ስደርስ ሚካል የኪኒኑን ፓኬት አውጥታ አሳየችኝ። "አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አልወሰደችም ሲስተር። አንድ እንኳን! እንዴት ትረሳዋለች?"

እማማ አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

"አዎ... ረሳሁት" አሉ።

ለልጃቸው ነው የተናገሩት፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ። "እኔ ነኝ ይተዉት ያልኳቸው" ማለት ነበረብኝ። ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። ትራስ!

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅዳሴው አልገባኝም። ሰው ይጨብጠኛል፣ "እርስዎን ነው የምንመርጠው ሲስተር" ይለኛል። ፈገግ እላለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 15

እማማ ቤታቸው ገብተዋል። አፋቸው ተስተካክሏል፣ እጃቸው ግን ገና ነው። ሚካል ሥራዋን ትታ አብራቸው ናት። ሻይ ስታፈላ እያለቀሰች ነገረችኝ።

"ብቻዋን መኖር አትችልም። መድኃኒት ረሳች፣ ነገ ደግሞ ጋዝ ትረሳለች። ሐሙስ 26 ሁኔታዋን የምታይ ሶሻል ወርከር ትመጣለች። ኬር ሆም አፕላይ እናደርጋለን፣ ፍላቱንም ላከራያት ካውንስል እናስረክባለን። ሆስፒታል ውስጥ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ብለዋት ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት አለች አሉ። አስተርጓሚው በስልክ ቁጥሩን እንዳለ ተረጎመው፤ ተሳሳተች ብለው ጻፉ።"

"በእኛ እኮ ዐሥራ ስምንት ነው!" አልኳት።

"እሱንስ እነግራቸዋለሁ። ኪኒኑን ግን ምን እላለሁ?"

ምን ትላለች? እውነቱ እኔ ጋ ነው፣ እኔ ደግሞ ሻይ እጠጣለሁ። ያ ፍላት አንዴ ከተመለሰ አይገኝም። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቤት!

ሚካል ፋርማሲ ስትሄድ ጠየቅኳቸው። "እማማ፣ ለምን ዋሹልኝ?"

"ምርጫሽ ይለፍ ብዬ ነዋ። ያ ደምመላሽ ቢሰማ በአደባባይ ይጫወትብሻል። ከዚያ በኋላ አንቺው ትነግሪያታለሽ።"

ከዚያ በኋላም ባልናገርስ? አላሉኝም። እንደማልናገር አልታያቸውም።

አርብ፣ የካቲት 20

ለኪዲ ነርስ አለመሆኔን ነገርኳት። ግማሹን ብቻ።

"ኦ ማይ ጋድ አክስቴ! አሁን?" አለች። ትንሽ አሰበችና፣ "ታስታምሚያለሽ አይደል? ቴክኒካሊ ያው ነው። ሰው ሲቪ አይመርጥም፣ የሚመርጠው ስሜቱን ነው። ፖስተሩ ደግሞ ታትሟል።"

ተናደድኩባት። ግን ምን አጠፋች? ልጅቷ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልኩትን ነው የጻፈችው።

የእማማን ነገር አልነገርኳትም።

እሑድ፣ የካቲት 22

ተመረጥኩ።

በሥርዓቱ ልጻፈው። አዳራሹ ሞልቷል፣ ግድግዳው ላይ እኔ አሥር ቦታ ስቄያለሁ። እማማ እታለማሁ በከዘራ፣ በሚካል ተደግፈው መጡ። ይቅርብዎ ብያቸው ነበር፤ እምቢ አሉ።

በመጀመሪያ የደምመላሽ ምስክር ተነሥተው "አውቀዋለሁ" አሉና ተቀመጡ። ቀጥሎ እማማ ተነሡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በእርግጥ የሚያውቁኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

"አውቃታለሁ" አሉ።

ተራዬ ደርሶ መድረክ ስወጣ የኪዲን ወረቀት ይዤ ነበር። አጠፍኩት። "ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ነርስ አይደለሁም" አልኩ። "ኬር አሲስታንት ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲስተር ስትሉኝ ዝም ብያለሁ። ይቅር በሉኝ።"

አሁን ቀጥዪ፣ የእማማን ተናገሪ፣ አልኩ በሆዴ። አፌን ከፈትኩ...

ጭብጨባ! አቶ ዘውዴ፣ አስመራጩ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ያጨበጭባሉ። "እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም! ትልቅ ሰው ራሱን ሲያሳንስ ተመልከቱ!" ከኋላ አንዷ "ለእኛ ሲስተር ነሽ!" ብላ ጮኸች። እልልታ ተከተለ።

አፌን ዘጋሁ። ጭብጨባው ጣመኝ። ይኸው ጻፍኩት... ጣመኝ።

ደምመላሽ ግንባሩን እየጠረገ "ኢንጂነር ደምመላሽ ነኝ" ብሎ ንግግሩን ጀመረ። አንድ መቶ አርባ አንድ ለዘጠና ስድስት አሸነፍኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 23

ኪዲ የንግግሬን ቪዲዮ ለቃዋለች። "እውነተኛዋ ፕሬዝዳንታችን" ብላ። ስልኬ ሲጮህ ዋለ። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴትዮ አሁን ነርስ ብቻ ሳትሆን ሐቀኛም ሆነች። ወይ እኔ!

ረቡዕ፣ የካቲት 25

እማማ ደወሉ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ነገ ሐሙስ መሆኑን አላነሡም። እኔም አላነሣሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ዘጋን።

ብናገር ምን ይመጣል? ሥራዬ ይጠየቃል። መድኃኒት ነክ ምክር መስጠት ክልክል ነው፤ በየዓመቱ ሥልጠና ላይ እንፈርማለን። ማኅበሩ ይሳቅበታል። ሚካል ፊቴን አታይም። ባልናገርስ? ምንም። ለእኔ ምንም አይመጣም። እማማ ብቻ ሻንጣቸውን ይዘጋሉ። እኔ የምሠራበት ዓይነት ቤት ይገባሉ፤ ጠዋት ጠዋት እንደኔ ያለች ሴት ተነሡ፣ ታጠቡ ትላቸዋለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ሄድኩ። በሩን ሚካል ከፈተች። "ሲስተር፣ እንኳን መጣሽልን! አንቺ ብታስረጂልን ይሻላል" አለች። ያቺ ቃሏ ልትገድለኝ ነበር።

ሶሻል ወርከሯ ወጣት ናት፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። እማማ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ ተቀምጠዋል። በገዛ ቤታቸው።

ቆሜ ነው የተናገርኩት። በአማርኛ ለሚካል፣ በእንግሊዝኛ ለልጅቷ። "እማማ አልረሱም። ኪኒኑን ይተዉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጂፒ ጋ ልደውል ሲሉኝም የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ረሳሁ ያሉት ለእኔ ብለው ነው።"

ሚካል መጀመሪያ አልገባትም። "ምን አልሽ?" አለች። ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ እውነት ነው?"

እማማ እጃቸውን አዩ።

"ሦስት ሳምንት!" አለች ሚካል። "ሦስት ሳምንት እዚህ ሳለቅስ ሻይ ትጠጪ ነበር። እሑድ 'ይቅር በሉኝ' ስትዪ እኔ አጨበጨብኩልሽ እኮ! ውጪልኝ።"

ሶሻል ወርከሯ የምሠራበትን ጠየቀችኝ። ለአሠሪዎቼ ማሳወቅ ግዴታዋ እንደሆነ በትሕትና ነገረችኝ። ስሜን በሙሉ ሰጠኋት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት። ወጣሁ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእማማ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ለአቶ ዘውዴ መልቀቂያ ጻፍኩ፣ ምክንያቱን ሳላሳጥር። ደውለው "ይሄንንስ በቤታችን ብንይዘው?" አሉኝ። "ለአባላቱ ያንብቡላቸው" አልኩ። ዛሬ አነበቡት አሉ። ማንም አላጨበጨበም።

ደምመላሽ ፕሬዝዳንት ይሆናል። እሱም ደወለ። "አበድሽ? ማን ጠየቀሽ?" አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔንም ልታነሺ ነው?" አለ።

"ያንተን አንተ ታውቃለህ" ብዬ ዘጋሁት።

ኪዲ ቪዲዮውን አጠፋችው። "ለኔ እንኳን አልነገርሽኝም" ብላ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ከሥራ ታግጃለሁ፤ ምርመራው እስኪያልቅ። ሚስተር ኮልን ማን እያጠበው ይሆን?

እማማ ፍላታቸው ውስጥ እንደሚቀሩ ከሰው ሰማሁ። አንዲት ነርስ በሳምንት ሁለቴ ትመጣለች፣ መድኃኒቱም ተቀይሯል። ይሄን ስሰማ ዛሬ እግሬን ጎትቼ ሄድኩ። ሚካል እንደሌለች አይቼ... ፈሪ።

በሩን ከፈቱ። አላስገቡኝም፣ አልዘጉብኝምም።

"ልጄ ፊት ረሳሁ ስል ቆመሽ ትሰሚ ነበር።"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔስ ላንቺ ብዬ ነው። አንቺ ለማን ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"ለራሴ።"

ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ከዚያ "ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ" አሉ።

ገባሁ። ሻይ የለም፣ ጨዋታ የለም። ተቀመጥን። በመጨረሻ ከጠረጴዛው ላይ አዲሱን የኪኒን ካርቶን በዚያ በደከመው እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ።

"ይሄኛው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"በኋላ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"አላውቅም፣ እማማ።"

"አላውቅም አልሽ?"

"አላውቅም።"

ስልካቸውን ገፋ አደረጉልኝ። "እንግዲያው የሚያውቀው ሰው ጋ ደውይ።"

ፋርማሲ ደወልኩ። መስመር ላይ አቆዩን። ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን።