ግራ ማስተኛ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እናቴስ ደህና ናት? የበልጉ ዝናብ ጣል አደረገ ወይስ ዘንድሮም ደመናው እያማረ ያልፋችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እስከ ዛሬ በላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደህና ነኝ ብዬዎት ነበር፤ ውሸቴን ነው። የዛሬው ግን እውነት ነው።

አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እናቴ አጠገብዎ ካለች ይህችን ወረቀት አጠፍ አድርገው ኪስዎ ይክተቷትና በጎቹን አይቼ ልምጣ ብለው ወጣ ይበሉ። ለእሷ የሚነበበውን ለብቻው ጽፌ አብሬ ልኬዋለሁ። እሱ ስለ ምግቤና ስለ ብርዱ ነው፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት። ይህኛው የእርስዎና የእኔ ነው።

እንደሚያውቁት ደብረ ብርሃን ውዝዋዜ ልማር ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። አሠልጣኛችን ጋሽ ጫኔ ይባላል፤ የደሴ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፣ ግትር ነው እንጂ። የየአገሩን ጭፈራ አንድ በአንድ ሲያስተምረን ቆይቶ ኅዳር ላይ መንዝ ደረሰ። እኔ ደግሞ ከአሥራ ስድስታችን የመንዝ ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዛሬስ የኔ ቀን ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ጋሽ ጫኔ ሰሌዳው ላይ በትልቁ “ግራ ማስተኛ” ብሎ ጻፈ። መንዝ ሲጨፍር ግራ ትከሻውን ያስተኛል፣ ሥራውን ሁሉ ቀኙ ይሠራል፣ አንገቱም ወደ ቀኝ ያዘነብላል አለን። እኔ በሞላሌ ሰርግና ጥምቀት ስጨፍር አድጌ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እንደ አገሬ በሁለቱም ትከሻ ስወርደው ከበሮውን አስቆመና፣ አንቺ መንዜ ሆነሽ መንዝን ታበላሺብኛለሽ አለኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ። በአገራችን እንዲህ አይደለም ብዬ ብነግረው፣ ማስረጃ አለኝ፣ በመጋቢቱ ፈተና እንዲህ ከጨፈርሽ ወደመጣሽበት ትመለሻለሽ አለ። ሞላሌ ገበያ ላይ “የእሳቸው ልጅ እኮ መንዝ መጨፈር አቅቷት ተባረረች” ሲባል ታየኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ግራዬን አስተኛሁት።

ወር ሳይሞላን ሕመሙ ጀመረ። ከአንኮበር የመጣችው አመተሥላሴ፣ መኝታ የምትጋራኝ ልጅ፣ ቀኝ እጇን ከጆሮዋ በላይ ማንሳት አቃታትና ጸጉሯን የምሠራላት እኔ ሆንኩ። አባይነህ የሚባለው ደግሞ አንገቱ ደርቆ፣ ከኋላው ሲጠሩት እንደ ጋሪ ሙሉ አካሉን ነው የሚያዞረው። እኔ ከአንገቴ ሥር እስከ ቀኝ ትከሻዬ መጋጠሚያ ይለበልበኝ ነበር፤ የውሃ ጀሪካን ማንሳት አቅቶኝ በጉልበቴ እየገፋሁ አስገባ ነበር። ጋሽ ጫኔ ያልለመደ ገላ ነው፣ ይለምዳል ይለናል። እኛም ስንፍና እንዳይመስልብን ዝም። ጥር ላይ የአባይነህ ትከሻ አብጦ ትኩሳት ሲይዘው ነው ሐኪም ቤት የሄድነው።

እዚያ ሲስተር እስከዳር የምትባል፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕክምና የተማረች ሴት አገኘን። እሱን አይታ እኛን አየች፤ በማግስቱ ማሠልጠኛው ድረስ መጥታ አሥራ ስድስታችንንም ዳሰሰችን። የሁላችንም ሕመም በቀኝ በኩል ነው። ምን እያሸከሟችሁ ነው ብላ ጠየቀች። ተነሥተን ጨፈርንላት። አይታ አይታ፣ ልጆች ይሄ ጭፈራ አይደለም፣ ይሄ ግራ ትከሻው የታመመ ሰው ነው፤ እናንተም ሁላችሁ ታማሚ ትመስላላችሁ አለች።

ጋሽ ጫኔ ደሙ ፈላ። ከቢሮው ቁም ሣጥን ቆልፎ ያስቀመጠውን የቪዲዮ ካሴት አወጣ። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ባህል ቢሮ የቀረጸው ነው፣ የሞላሌ ጥምቀት ነው፣ የአገሩ አንደኛ ጨፋሪ ነው፣ ይኸው እዪ አላት። ቴሌቪዥኑ ሲበራ በርኖስ የደረበ ሰው ክቡ መሀል ገባ። ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው። ሰውዬው ግራውን አስተኝቶ፣ በቀኙ ብቻ ምድሩን ሲያናውጠው፣ አባባ፣ እርስዎ ነበሩ።

ምን እንደተሰማኝ እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ። መጀመሪያ ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ፤ ያን ጥምቀት የጨፈሩት ትከሻዎ ከወለቀ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው መሆኑን ከዚያ ክፍል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጉዳቱ መክፋቱን ጎረቤቱ እንዳይጠረጥር ብለው ነው የወጡት። ሰው ሁሉ ግን ሕመምዎን ሙያ ነው ብሎ አጨበጨበ፣ መንግሥት ቀረጸው፣ ጋሽ ጫኔ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፣ ማስተማር ከጀመረ አንሥቶ አራት ዓመት ሙሉ የስንቱን ልጅ ትከሻ አቃጠለበት።

ለማንም ላልናገር በማርያም አስምለውኛል። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ መሐላውን ግን አልረሳሁትም። እናቴ የምታውቀው በቅሎዋ ጥላዎት እንደሆነ ነው። ከተናገርኩ ወሬው ሞላሌ ሳይደርስ አይቀርም። ዝም ካልኩ ደግሞ አመተሥላሴ ጸጉሯን መሥራት እንዳቃታት ልትቀር፣ እኔም ከአባቴ ትከሻ የተቀዳ ነገር አቅቶኝ ልባረር ነው። ቆምኩና፣ እኒህ ሰው አባቴ ናቸው፣ ያኔ ግራቸው ታሞ ነበር፣ በቅሎ ጥላቸው ነው አልኩ። ግማሹን ተናገርኩ፣ ግማሹን ጠበቅኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ጋሽ ጫኔ ካሴቱን መልሶ አንድ ጊዜ አየው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያየው እርስዎ ዘፈኑ ሲያበቃ ግራ ክንድዎን በቀኝዎ ደገፍ የሚያደርጉት ላይ አቆመው። ከዚያ ተነሥቶ ሰሌዳውን በገዛ እጁ አጠፋና፣ ነይ በይ እንደ አገርሽ አሳዪን አለኝ። አባባ፣ ያን ዕለት እያመመኝ በሁለቱም ወረድኩት።

ሲስተር እስከዳር ግን ልቧ ካሴቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ስትወጣ ወደ ጎን ወሰደችኝና፣ በቅሎ የጣለችው ትከሻ እንዲህ አይሆንም፤ ይህ ሰው በአንድ እጁ ከባድ ነገር አንጠልጥሎ ብዙ የቆየ ሰው ነው አለች። ሳላስበው፣ ኧረ ከባድስ አልነበረችም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ማን ናት ያልከበደችው አለች። በቅሎዋን ማለቴ ነው አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ዕረፍት፣ በሞቀ ጨርቅ መታሸት፣ ግድግዳ ተደግፎ ክንድ ቀስ እያሉ ማንሳት ሆነ። አጥንታችን ምንም አልሆነም፤ የደከመው ጡንቻችን ነው። አመተሥላሴ ባለፈው እሑድ ሹሩባዋን ራሷ ተሠርታ መጣች። አባይነህን ከኋላው ስጠራው አንገቱን ብቻ ዘወር አድርጎ አቤት ሲለኝ፣ እሱም ደነገጠ፣ እኛም ሳቅን። ፈተናውን ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ሆኜ አለፍኩ። ዘፈኑ ሊያበቃ ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ግራዬን አስተኛሁት። ጋሽ ጫኔ አይቶኛል፤ ነጥብ አልቀነሰብኝም።

ስለ በቅሎዋ የዋሸሁትን ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። ሠላሳ ስግደት አዘዙኝ፤ ትከሻሽ እስኪሽር ይቆይልሽ ብለው ደግሞ አዘኑልኝ። አባባ፣ ለፋሲካ ስመጣ እናቴን አስቀምጠን ብንነግራትስ? ልጄን ገደል አፋፍ የጓሳ ሣር አጨዳ እንዳትወስድብኝ ብላ ለምናዎት እንደነበር አውቃለሁ፤ ትቆጣለች። ግን ልጇ ፊቷ ቁጭ ብላ እያየቻት ቁጣዋ አይከርምም። ያቺ ምስኪን በቅሎም ያን ዕለት ከደጅ እንኳ አልወጣችም ነበር፤ እርስዎ ግን ጣለችኝ ብለው ራቤል ገበያ ወስደው ሸጧት፣ ይኸው አሥር ዓመት ትረገማለች። እኔ ከአፋፉ ስንሸራተት የጨበጡኝ ግራ እጅዎ እንዳልላላ ብቻ ነው የማስታውሰው።

የአገራችን የማማ ምድር አድባር ትጠብቅዎ፤ ክንድዎን ያበርታልኝ፤ የዓመት ሰው ይበለን። ብርድ ሲሆን ግራዎን በባና ሸፈን ያድርጉት።

ያን ያህል ያልከበደችው ልጅዎ
ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.