ከእጀታው ሥር ያለው የዶሮ እግር

ለታላቄና ለአባቴ ምትክ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ወገብህ እንዴት ነው? ዛሬም ከመቀመጫህ ስትነሳ ግድግዳ ትደገፋለህ ወይስ ለቀቅ አደረገህ? የባለቤትህ የእትዬስ ጉልበት? ትንሹ ልጅህስ ትምህርቱን ይዟል ወይስ አሁንም ኳስ ነው? መነጽርህ እንደተሰበረ ከሆነ ይህንን የምታነብልህ ያው እንደ ልማዷ ትልቋ ልጅህ ናት። ለእሷም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ለእሷ የምለውን ግን ለመጨረሻው አቆይቼዋለሁ።

እኔ አለሁ። ሳሉ ለቆኛል፤ ከመቆም ብዛት እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላው አካላቴ ደህና ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ወሬ ግን ደስ አያሰኝህም፤ ቁጭ ብለህ ስማው።

ጎራዴው በሰላም ደርሶኛል። ነጋዴው በብርድ ልብስ እንደጠቀለልከው አምጥቶ አስረከበኝ። «ከአዋቂዎቹ ጋር ነሽና የማን አገር ሥራ እንደሆነ፣ ዘመኑም መቼ እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት አጽፈሽ ላኪልኝ» ብለሃል። ለምን እንደፈለግኸው እትዬ ነግራኛለች። የበያጁ ልጅ ትልቋን ልጅህን ሊያገባት ጠይቋል፤ እሷም ወዳዋለች። አንተ ደግሞ ብየዳም ያው ቅጥቀጣ ነው ብለህ፣ ጎራዴውን ጭንህ ላይ አጋድመህ ወረቀቱን ለሰዎቹ ልታነብላቸውና «የፈረሰኛ ዘር ከወናፍ ጋር አይጋባም» ብለህ ልትሸኛቸው ነው። ቃሉን ማንም አልነገረኝም፤ በእኔ ጊዜ ያልከውን ነው የምደግምልህ።

ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ። እኔን እንዲጠይቁለት የቀጥቃጩ ልጅ የላካቸው ሰዎች ገና ሳይቀመጡ ጎራዴውን ከአፎቱ መዘዝከው። የታተመበትን ዘውድና የባዕድ ፊደል እያሳየህ፣ የእናታችን አባት ገና መኪና የሚባል ነገር አገራችን ሳይገባ፣ በዚያ ዘመቻ፣ የጠላት መኮንን ከፈረሱ ጥሎ ጎራዴውን እንደማረከ ተረክህላቸው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለህም ደመደምክ። እናታችን ብቻ ናት በሩ ሥር ቆማ «እሺ በላቸው፣ ልጄ» ያለችህ። ተቆጥተህ መለስካት። ሰዎቹ ሄዱ፤ እሱ ሌላ አገባ፤ እኔም አገር ጥዬ ወጣሁ።

ለጎረቤት «ቢሮ ነው የምትሠራው» እንደምትል ሰምቻለሁ። ቢሮስ አልከው! የምሠራው የድሮ የጦር መሣሪያ ከሚታደስበት ቤት ነው። ዝገት እፍቃለሁ፣ ብረት አግላለሁ፣ አቃናለሁ፣ እቀጠቅጣለሁ። እሳቱን በወናፍ ፈንታ ማራገቢያ ይነፋልናል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሠሪዬ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር መጨዋወት የሚቀናው ሽማግሌ ነው። ጎራዴውን መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አጋደመና፣ ማጉያውን ዐይኑ ላይ አድርጎ መጀመሪያ ያየው ያንን የምትኮራበትን ዘውድ ነው። የፈረሰኛ ጎራዴ የሚያወጡት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ምልክታቸውን በአንድ ማህተም፣ በአንድ ምት ነው የሚያትሙት አለኝ። ማህተሙም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለሚለወጥ የጎራዴው ዕድሜ ከእሱ ይታወቃል። የእኛው ግን በመሮ የተቀረጸ ነው፤ ዘውዱ ጎበጥ ብሏል፣ አንዱ ፊደልም ፊቱን አዙሯል። «ይህንን የቀረጸው ሰው ፊደሉን አያውቀውም፤ ከሌላ ጎራዴ አይቶ ነው የገለበጠው» አለ። ተከራከርኩት። ምናልባት የፋብሪካው ሠራተኛ ሰክሮ ይሆናል አልኩት። ሳቀብኝ። እኔም ምን ነካኝ? በዚህ ተረት የተጎዳሁት እኔ፣ ጠበቃ የቆምኩለትም እኔ!

ከዚያ እጀታውን ፈታነው። እንጨቱ ሲወጣ፣ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ብረት መሐል ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ሽማግሌው ሳይናገር እኔ አወቅሁት፤ እንዲህ ያለ ብረት በእጄ ብዙ አልፏል። የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ነው፣ ወንድም ጋሼ። ቀዳዳው ብሎኑ የሚያልፍበት ነው። መኪና ሳይገባ ተማረከ ያልከው ጎራዴ የተሠራው ከመኪና ነው።

ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ሌላ ምልክት አለ። ይህኛው በአንድ ምት፣ ጥርት ብሎ የታተመ የዶሮ እግር ነው። ሽማግሌው «የውጭው ለሚያየው ሰው ነው፤ ይኼ ግን የሠሪው የራሱ ነው» አለኝ። እኔ ግን ወደ ዕቃዬ ሄጄ እናታችን ስለያት «የአባቴ ነው» ብላ የሰጠችኝን ቢላዋ አመጣሁ። ብረቱ ላይ፣ እጀታው አጠገብ፣ ያው የዶሮ እግር አለ። አንዱን ካንዱ ጎን አድርገን ለካነው፤ ሦስቱም ጣት ልክ ለልክ ነው፤ የመሐለኛው ጣት ጫፍ መሸረፉ እንኳ አንድ ነው።

አሁንም ሠሪው ሌላ ሰው ነው፣ አያታችን ገዝቶት ይሆናል ልትል ነው። እንግዲያው ልጅ ሆነን ከአያታችን ሣጥን ያወጣናትን አጭር ብረት አስታውስ። ጫፏን ጭቃ ላይ እየተጫንን የዶሮ እግር ስናትም «ዶሮ መጣች፣ ዶሮ ሄደች» እንል ነበር። ያ እጁን በልጅ ላይ አንሥቶ የማያውቅ ሰው አንተን በጥፊ ያጮለህ በዚያች ብረት የተነሳ ነው። ጥፊውን አልረሳኸውም፤ ምክንያቱን ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ብረቷ ዛሬም የጓዳህ በር መሸጎሪያ ናት፤ ማታ ማታ በሩን የምትዘጋው በእሷ ነው።

ክንዱ ላይ የነበሩት ጥቋቁር ነጠብጣቦችስ? የባሩድ ፍንጣሪ ነው ይለን ነበር። እኔም ክንዴን ባሳይህ ያው ነው፤ ባሩድ ግን አይቼ አላውቅም፤ የጋለ ብረት ፍንጣሪ ነው። ደግሞስ ያ ሁሉ ፈረሰኛነት ሲወራ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ ያየው ማን አለ? «ፈረሴ ከሞተ ወዲህ ሌላ አልቀመጥም» ይል ነበር። እኛም በሐዘኑ እናዝን ነበር፣ የዋሆች!

አያታችን ቀጥቃጭ ነበር፤ በእሱ ግን አላፈርኩም። ማንነቱ ወደማይታወቅበት ወደ መንደራችን የመጣው ልጆቹ እንዳይሰደቡ ብሎ ነው፤ በዚህ ልፈርድበት አልችልም። ሽማግሌው የጎራዴውን ሚዛን አይቶ «ይህ ሰው እጁ የተባረከ ነው» ብሎለታል። እንዲህ ያለ እጅ ተደብቆ መሞቱ ግን ያንገበግበኛል። እናታችን ታውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው «እሺ በላቸው» ያለችህ። አንተን ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ። ወናፍ ብለህ የመለስከው ሰው የአያትህን ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር፤ እኔም በዚያ ምክንያት እዚህ ብቻዬን ሸብቻለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ያንተ ነገር ነው።

ወረቀቱን ሽማግሌው ጽፎ ፈርሞበታል፤ ከዚህ ጋር አለ። ያየነውን ሁሉ ይናገራል። ጠይቀሃልና ለሰዎቹ አንብብላቸው። ጎራዴው ግን ወደ አንተ አይመለስም።

እትዬን ጉልበቷን እንድታስታምም ንገርልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ትንሹን ግንባሩን ሳምልኝ፣ ኳሱንም ተውለት። ጎረቤታችንን ባልቴት ሰላም በልልኝ፤ ቢሮ እንደማልሠራም ንገራት።

አንቺ የምታነቢለት ልጅ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይሰበር። ጎራዴው ያንቺ ነው፤ የሰርግሽ ለት ይደርስሻል። እጀታውን መልሼ አልገጠምኩትም፣ ባልሽ ይግጠመው፤ ከመግጠሙ በፊት ግን ምልክቱን ይየው። እኔ ጓዳ ሆኜ ነው የተፈረደብኝ፤ አንቺ ሰዎቹ ሲመጡ ጓዳ አትግቢ። አሁን ተነሺና መሸጎሪያዋን አውጪ፤ ደጁ ላይ ጭቃ አይጠፋም፤ ተጫኚና ለአባትሽ አሳዪው።

እህትህ፣
የቀጥቃጩ የልጅ ልጅ

ከብረት ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ፤
በየካቲት መገባደጃ