የሮይስ ለስላሳ ሸክላ

ልጄ ደልበርት፣

እዚያ ጀርመን፣ ካለህበት የጦር ሰፈር፣ እግዚአብሔር ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። እኛ እዚህ ኬንታኪ አለን። ባቄላው ይዟል፤ ዶሮዎቹን ግን ቀበሮ ጨረሳቸው። እርጥብ ካልሲ እንዳታደርግ።

ለገና የላክኸውን የዘፋኙን የሮይስ ታልማንን ሸክላ ታስታውሳለህ? አባትህ አንዴ ሰምቶ፣ «ከእኛው ተራራ ወጥቶ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ማስጠበቂያ ሙዚቃ ይዞልን መጣ!» ብሎ አልጋ ስር ወረወረው።

ቅዳሜ ኤልዉድ ቫዮሊኑን ይዞ፣ አልጋ ላይ የዋለውን አባትህን ሊጠይቅ መጣና ድሮ በረንዳው ላይ አብረው ይጫወቱት የነበረውን ጀመረለት። እዚህ አገር ቫዮሊን እየተመታ ዝም የሚል ሰው የታለ? አባትህም ከትራሱ ቀና ብሎ በዘፈን ተቀበለው። ወዲያው ሳሉ አጣደፈው። ያ ከከሰል ጉድጓድ ሲውጠው የኖረው ጥቁር አቧራ ከደም ጋር አንሶላው ላይ ወጣ።

ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ኦፓል፣ እስቲ ያን የሮይስን አውጪው» አለኝ።

ኤልዉድ ሊያስቀው ብሎ፣ «ምነው ቨርጂል፣ ጥርስህን ልትነቀል ነው?» አለው።

«ዝም በል አንተ! ይሄኛው አብረኸኝ ዝፈን አይለኝም።»

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የማዞርለት እሱኑ ነው። ሐኪሙ ቅጠል እስኪረግፍ አይቆይም ይላል።

ፈቃድ ከሰጡህ ቶሎ ና፣ የኔ ልጅ። መንገዱን ያቅናልህ፣ በሰላም ደጃችን ያድርስህ። ጊታርህን ግን እዚያው ተወው። አባትህ ካየው ምታልኝ ይልሃል፤ ከመታህለት ደግሞ አብሮህ ይዘፍናል።

እናትህ ኦፓል