ከማንጎው ሥር የተቀመጠው ልጅ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ዳመና ሲከብድ ጉልበትሽ አሁንም ያስቸግርሻል? ላማችን ቦራ ወለደች ወይስ ገና ናት? አይናለምስ ትምህርቷን በርትታ ይዛለች? ስለ እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዛሬ የምጽፈው እውነቱን ልነግርሽ ስለሆነ ያቺን ቃል አቆይቻታለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ፈራሁና ስለ ዝናቡ ጠይቄሽ ዘጋሁት። አይናለም፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አንድም መስመር ሳትዘልዪ፣ ከራስሽም ሳትጨምሪ አንብቢላት።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ልጅ አጥራችንን አልፎ አይገባም። «ግባ» ብትዪው፣ በማርያም ብትለምኚውም አይገባም። ንቀት እንዳይመስልሽ። ወረቀቱን ሰጥቶ ከበሩ ውጭ ከማንጎው ሥር ይቀመጣል። የለበሰውን ሹራብ ታውቂዋለሽ፤ ወደዚህ ስመጣ አንቺ የገዛሽልኝ ነው። ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አትጠይቂው፣ ምንም አትስጪው።

እማዬ፣ አሶሳ ሙቀቷ ነው እንጂ ሰዉ ክፉ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላችን ስድስት አልጋ አለ። አምስቱ ልጆች የአገራቸውን ልጅ ይዘው የመጡ ናቸው፤ በየቋንቋቸው ሲሳሳቁ እኔ ያልገባኝን ቀልድ አብሬ ፈገግ እላለሁ። ካፌ ስገባ ትሪዬን ይዤ ሰው ያለበት ጠረጴዛ እፈልጋለሁ፤ ሳገኝ ደግሞ አፍሬ ባዶው ጋ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ቆጠርኩት። አስራ ሁለት ቀን ሙሉ ስሜን የጠራ ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ እንኳ የምንታወቀው በመታወቂያ ቁጥር ነው። እኛ ቤት ላሟ እንኳ ስም አላት።

በአስራ ሦስተኛው ቀን በስፖርት አዳራሹ በኩል ሳልፍ ነጭ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ባዶ እግራቸውን ተሰልፈው አየሁ። አሰልጣኙ ስም ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት!» ብሎ ይጮኻል። የቴኳንዶ ክለብ ነው አሉኝ። ቴኳንዶ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ የማውቀው ነገር አልነበረም። የተመዘገብኩት ስሜ እንዲጠራ ብዬ ነው፤ ብትፈልጊ ሳቂብኝ።

አሰልጣኛችን ማስተር አብዱልሐሚድ ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ጀማሪዎቹን ከነአባታችን ስም ጠራን። «እዩኤል ገብረ ሥላሴ» ሲል «አቤት!» ብዬ ከሁሉ በላይ ጮኽኩ፤ ከደስታ ነው። ከኔ ቀጥሎ የጠራውን ስም ስሰማ ግን ደስታዬ ብን ብሎ ጠፋ። «አንዷለም ነገራ» አለ።

እማዬ፣ አይናለምን አታስቁሚያት፤ ትቀጥል። አዎ፣ ያ ነገራ ነው። የእኛው የቡለን ልጅ መሆኑን፣ ቤታቸውም ከወንዙ ማዶ መሆኑን ልጁ ራሱ ነገረኝ። አባቴ በማን እጅ እንደወደቀ እኔ ለአንቺ አልነግርሽም። አስራ አራት ዓመት ስሙ በቤታችን እንዳይነሳ የከለከልሽው ሰው ልጅ፣ ቀበቶ አስተሳሰር ጠፍቶበት ከጎኔ ቆሞ በራሱ ይስቃል።

አንተስ ከየት ነህ ሲለኝ ከፓዌ ነኝ አልኩት። ገብረ ሥላሴ የሚባል አባት በየአጥቢያው ሞልቷል፣ አያውቀኝም ብዬ ተጽናናሁ።

ያኔውኑ ለምን ትተህ አልወጣህም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ልወጣ ነበር። በማግስቱ ካፌ ውስጥ ትሪውን ይዞ መጣና ሳይጠይቀኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን በልቼ አላውቅም። ወባ ጥሎኝ የሰነበትኩ ጊዜ ደግፎ ክሊኒክ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ለአንቺ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ጊዜ። አንድ መጥፎ አመል አለው፤ ውሃ መያዝ አይወድም። በልምምድ መሃል ኮዳዬን እየቀማ ሲጠጣ ከረመ።

ሽማግሌዎቹ ደሙን ያደረቁ ዕለት ስድስት ዓመቴ ነበር። እኔንና የነሱን ልጅ በአንድ ሳፋ ውሃ እጃችንን እንዳስታጠቡን ትዝ ይልሻል? ፊቱን አላስታውሰውም፤ ጣቶቹ ቀዝቃዛ እንደነበሩ ብቻ አውቃለሁ። «ከእንግዲህ ይህ እጅ በዚያ ላይ፣ ያም በዚህ ላይ አይነሳ» አሉን። እጅ ያሉት እግርንም እንደሚጨምር ልጅም ሆኜ ገብቶኛል።

እስቲ አስቢው፤ ልጅሽ መማታት የሚያስተምር ክለብ ገብቶ፣ ከአገሩ ሁሉ ሊመታው ከማይችለው ሰው ጋር ተጣመረ። ቁመታችን እኩል ስለሆነ ማስተር ሁልጊዜ ሁለታችንን ያገናኘናል። እኔ እግሬን አነሳና ከሆዱ አንድ ጣት ሲቀረኝ አቆመዋለሁ። እሱም እኔን አይነካኝም። ሌላውን ሲመታ ያነጥፈዋል፤ እኔ ጋ ሲደርስ እግሩ ነፋስ ይመታል። ስለሚወደኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ዐርዋ የምትባል፣ ቢጫ ቀበቶ የታጠቀች የመንጌ ወረዳ ልጅ አለች፤ አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ወላሂ፣ እናንተ ሁለት ሰው ጭፈራ ነው የሚጨፍረው፤ መማታት የለም!» ብላ አዳራሹን አሳቀችብን። ከዚያ ወዲህ «ፈሪ ለእናቱ» የሁለታችን ስም ሆነ። እኔ በሆዴ፣ እውነታቸውን ነው፣ ለእናቴ ነው እል ነበር።

የቀበቶ ፈተናው ያለፈው ቅዳሜ ሆነ። ማስተር አስቀድሞ ነግሮናል፤ ተጋጣሚውን ያልመታ አያልፍም፣ ሁለት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ከክለቡ ይወጣል። እኛ አንዴ ወድቀናል። እማዬ፣ ያስጨነቀኝ ቢጫው ጨርቅ አልነበረም። ከክለቡ ከወጣን እሱ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሌላ ጓደኛ ያገኛል፤ እኔ ወደ ባዶው ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ። ያ ጠረጴዛ ፊቴ ድቅን ሲልብኝ ክፉ ነገር አደረግሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ «ምታኝ እንጂ፣ ፈሪ! አባትህም እንዳንተ ፈሪ ነበር?» አልኩት።

ይህን ከየት አምጥቼ እንደተናገርኩት አላውቅም። ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን አሁንም እንደማይመታኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ እጄን ዝቅ አድርጌያለሁ፤ የደረት መከላከያዬን ገመድ እንኳ አላጠበቅሁም።

መታኝ። ጎድኔ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰማሁት። ሰዉ ገና እያጨበጨበ ሳለ አንዷለም «እኔን! እኔን ይስበረኝ!» እያለ አጠገቤ ተንበረከከ። በግጥሚያ መሃል እንዲህ አይባልም፣ ወደ መስመርህ ተመለስ ብሎ ማስተር ቢቆጣውም አልሰማም። ጆሮዬ ሥር አጎንብሶ «አሁን እናትህ ደጅ በየትኛው እግሬ ልሂድ?» አለኝ።

የፓዌ ልጅ ነኝ ብዬው ነበር እኮ።

ክሊኒክ ውስጥ ሁሉንም ነገረኝ። ስሜ የተጠራ ቀን ነው ያወቀኝ። የፓዌ ሰው እንዳንተ አይናገርም፣ አፍህን ስትከፍት ቡለን ነህ አለኝ። አባቴ የወደቀበት ቀን በየዓመቱ ሲደርስ አባቱ እህል አይቀምስም፤ ለልጆቹም ያባቴን ስም ከነአያቱ አስጠንቷቸዋል፣ እንዳይረሱት። እና ይህ ልጅ አምስት ወር ሙሉ ማንነቴን እያወቀ፣ ውሸቴን እየሰማ፣ ትሪውን ይዞ ፊቴ ይቀመጥ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። መልሱ፣ ይቅርታው የኔ አይደለም፣ የእናትህ ነው የሚል ነበር።

የቀረውን የሽማግሌዎች ቃል እኔ ረስቼው እሱ ነው ያስታወሰኝ፤ አንቺ ግን አትረሺውም። «እጁን ያነሳ፣ ሳይላክበት በራሱ እግር ይምጣ። በተመታው እናት ደጅ ይቀመጥ። ውሃ ከሰጠችው ታርቋል። ካልሰጠችው ተነስቶ ይሂድ፤ ሁለቱ ቤት ዳግመኛ አይተያይ።»

ሐኪሙ ሦስት ሳምንት መኪና እንዳልሳፈር ከልክሎኛል፤ መንገዱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። እኔ ተንኮል አስቤ ነበር። ጓደኛዬ ነው፣ እህል አስቀምሺው፣ ከበላ በኋላ ደብዳቤውን አንብቢ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ከለከለኝ። «ሳታውቅ ያጎረሰችኝ አይወርድልኝም» አለ። ቡለን ጠዋት ጠዋት ይበርዳል ብዬ ሹራቤን በግድ አለበስኩት።

እማዬ፣ መከልከል መብትሽ ነው። አስራ አራት ዓመት እርሻውንም እኛንም ብቻሽን የተሸከምሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ አዛዥ አልሆንብሽም። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፤ ለኔ ጎድን ብለሽ አትከልክይው። ጎድኔን የሰበረው የራሴ ምላስ ነው። አባቱን ሰደብኩበት፤ አባት ማጣት ምን እንደሆነ እያወቅሁ።

ልጆቹ ለእረፍት ወደየቤታቸው ሄደዋል። አምስቱ አልጋ ባዶ ነው፣ አዳራሹም ተቆልፏል። እሱም ነገ ሲሄድ፣ ካፌ ስገባ እግሬ ወደዚያው ወደ ባዶው ጠረጴዛ ይወስደኛል። ይህ ሲነበብ ሦስተኛ ቀኔ ይሆናል፤ ስሜን የጠራኝ አይኖርም። «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል አቆይቻታለሁ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ደህና መሆኔንና አለመሆኔን ገና አላውቅም።

እግዚአብሔር እድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። የአባቴን ነፍስ ያሳርፍ። አይናለምን አንገቷን ሳሚልኝ፤ ድምፅዋ ሳይሰበር እዚህ ድረስ አንብባልኝ ከሆነ ጀግና ናት።

አሁን ንባቡ አልቋል። ፀሐዩ ከማንጎው ዞሮ እንደሆነ ልጁ ፀሐይ ላይ ነው። አውቀዋለሁ፤ ለሁለት ቀን መንገድ ውሃ አልያዘም።

ምሕረትሽን የሚጠብቅ
የበኩር ልጅሽ