ጤነኛ የተባለው እንባ

አንዲት ጠብታ እንዳትባክን ሲሟገቱ ስለሚውሉ በባልደረቦቻቸው «ጋሼ ጠብታ» የተባሉት ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተር እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። በትምህርታቸው አዝጋሚ ስለነበሩ እናታቸው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ያጽናኗቸው ነበር።

በሃያ አራት ዓመታቸው በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው በዓይን ሆስፒታል ተቀጠሩ። ሥራቸው ከበሽተኛ ዓይን በቀጭን ወረቀት እንባ ወስደው፣ ዓይን ከውስጥ ሲቆጣ የሚበዙትን ፕሮቲኖች መለካት ነበር። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሐኪሙ ዓይኑ እስኪቀላ ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል። በሠላሳ ዓመታቸው ከአንዲት የመነጽር ባለሙያ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ውጤት ሳላስረክብ አልሄድም ብለው ያረፈዱ ሰው ናቸው።

በላቦራቶሪው ደንብ የበሽተኛ እንባ የሚለካው ከጤነኛ ሰው እንባ ጎን ነው። ጤነኛው ሰው ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ዘወትር ሐሙስ ጠዋት ወረቀቷን ከዓይናቸው ሥር እያስገቡ «ከእኔ የባሰ ጤነኛ ከየት ይመጣል?» ይሉ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የእሳቸው ቁጥር ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ከበሽተኞቹ በላይ ወጣ። የመለኪያ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባለ። ማሽኑ ተስተካከለ፣ ኬሚካሉ ተቀየረ፣ ቁጥሩ ግን አልወረደም። በመጨረሻ የእሳቸው ውጤት ተሰርዞ የሌላ ሰው እንባ ተተካ፤ ሥራው ቀጠለ። ውጤቱን የሰረዘችው በዚያው ክፍል የምትሠራው ታናሽ እህታቸው፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ናት።

ከሰባት ወር በኋላ የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። ሲመረመሩ ሕመሙ የደም ሥራቸውን ይዞ ኩላሊታቸው ላይ ደርሶ ተገኘ። እህታቸው ጥፋቷን ስትነግራቸው «እኔም ብሆን ማሽኑን ነበር የምጠረጥረው፤ በይ አሁን ወደ ሥራሽ ሂጂ» አሏት። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት እህቶቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ እንባ አልመጣላትም። ምንም አልተሰማትም።

ቤተሰቡ የማሽኑ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ወጥቶ «ከረጅም ሕመም በኋላ አረፉ» ብቻ ይባል ብሎ ነበር። ባለቤታቸው ግን «እንዳለ ይነበብ። እሱ የማንንም ውጤት ሰርዞ አያውቅም» አሉ።

አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።