ለአባባ ጉልበት የተሠራው ቀለበት

ይድረስ ለእህቴ ለወሰንየለሽ፣ ደሴ

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ የደሴ ብርድስ? ጤና ሳልጠይቅ ብጀምር እማ ይሄ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው ትላለች። እኛ ደህና ነን እንላለን። እማ ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች፤ እንዲህ ታዛዥ ሆና አይቻት ስለማላውቅ ያስፈራኛል።

ያልደወልኩት አንቺ ስታለቅሺ እኔም አለቅስና የምጠይቅሽ ነገር ይቀራል ብዬ ነው። ስለዚህ ለአርባው በሚመጣው በጋሽ ተክለብርሃን እጅ ይሄን ላክሁ። ከውስጡ ነጣ ያለች ትንሽ ቀለበት ታገኛለሽ። የአባባ ሰው ሠራሽ እግር ጉልበቱ ጋ የሚታጠፍበት ብረት ውስጥ የምትገባው ናት። አሮጌዋ ተበልታ ሲራመድ ሲጢጥ ይላል፣ አንዳንዴም ሳያስበው ይታጠፍበታል ብለሽ በጥር ስትነግሪኝ ነው የጀመርኩት።

የሠራኋት ከኢፖክሲ ነው፤ ኢፖክሲ ማለት ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ ነው። ለብቻው ጠንካራ ይመስላል እንጂ ብረት ሲፈትገው እንደ ኖራ ይቦናል። በዓይን የማይታይ የሲሊካ ብናኝ፣ ናኖ የሚሉት፣ ሲገባበት ግን ስንጥቁ መሄጃ ያጣል፣ ፍትጊያም ቶሎ አይበላውም። ችግሩ፣ ብናኙ እንደ ሽሮ ነው፤ ባንዴ ከገለበጥሽው ይጓጉላል፣ የጓጎለበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ ይሰበራል። ሃውቶርን ከተማ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራው ጎረቤታችን ዓለምሰገድ ነው ቀስ ብዬ እየበተንኩ እንዳማስል ያሳየኝ። ስንቱን አበላሽቼ ጣልኩ። የመጨረሻዋን ናሙና ትምህርት ቤት ባለው መሰርሰሪያ ላይ አስሬ ከብረት ጋር ሳፋትጋት ዋልኩ፤ ስመዝናት ምንም ያልነካት ትመስላለች። ካንቺ ዘንድ ያለችው መንትያዋ ናት።

ዓርብ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ነበረን። ልደቴ ላይ ኬኩ ካለቀ በኋላ የሚደርሱት የፌርፋክስ ሽማግሌዎች ከእኔ ቀድመው ተገኙ። ጋሽ ተክለብርሃን የሚጠብቀውን ፓርኪንግ ለሰው ትቶ፣ እትዬ ወርቅውሃ ሬስቶራንቷን ዘግታ፣ ጥቁር በጥቁር ለብሳ። እትዬ፣ ኢፖክሲ ሞተ እንዴ ከል የለበስሽው ብዬ ቀለድኩባት። አይ አንቺ ልጅ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጋሽ ተክለብርሃን ቀለበቷን በጣቱ እያሻሸ ስንት ዓመት ትቆያለች አለኝ። አባባ መቶ ሃያ ዓመት ቢኖር እንኳ አታልቅም አልኩት። መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ፤ የመጣው ግን በእኛ መኪና ነበር። እማ ለአባባ እልክለታለሁ እያለች ሁሉንም በስልኳ ትቀርጻለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ያው ሰዎች፣ ያው ልብስ። አባባ ለካ ማክሰኞ ተቀብሯል። አንቺ ሐሙስ በቫይበር በርቺ የኔ ጎበዝ ብለሽ ጽፈሽልኛል። አልተቀየምኩሽም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጅቷ ሥራዋን ታቅርብ ያሉትም እነሱ ናቸው። ግን ወሰኔ፣ እስካሁን ሦስት ዓይነት ሞት ነግረውኛል። ጋሽ ተክለብርሃን በእንቅልፉ ነው አለኝ፣ እትዬ ወርቅውሃ ልቡ ነው አለችኝ፣ ቄሱ ቀኑ ደርሶ ነው አሉኝ። እነዚህ ሰዎች ዕድር መርተው እንዴት ውሸት ላይ መስማማት ያቅታቸዋል? እትዬ ወርቅውሃ ጓዳ ሆና ደረጃው ላይ ነው የወደቀው ስትል ሰማሁ፤ ስገባ ወሬውን ወደ ቡናው ቀየረችው።

ዲቪው ሲደርሰን ዕድሜሽ አልፏል ተብለሽ፣ ብቻዋን አልተዋትም ካለው ከአባባ ጋር የቀረሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አንቺን ልጠይቅ። የወደቀው ጉልበቱ ከድቶት ነው? ይከብዳታል ብለሽ ፈተናዬ እስኪያልፍ አታቆዪኝ። መናገር ካቃተሽ፣ እግሩን አብራችሁ ካልቀበራችሁት፣ አሮጌዋን ቀለበት አውጥተሽ በጋሽ ተክለብርሃን ላኪልኝ። ምን ያህል እንደተበላች አይቼ ራሴ አውቀዋለሁ። አዲሷን በቦታዋ አስገቢያት። ማንም ባይራመድባትም በሱ ልክ ነው የተሠራችው።

ጎረቤታችሁን እትዬ ዓይናለምን ጉንጯን ስሚልኝ፤ ለልጇ ለእንዳሻው ጢሙ በቀለ ወይስ አሁንም ተስፋ ላይ ነው በይልኝ። እማ ትስምሻለች። ውሻችንን ቡችን አደራ። የአባባን ጉልበት ሲጢጥታ ሲሰማ ነበር ሮጦ በሩ ላይ የሚቀበለው። አሁንም እዚያው ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ ወደ ቤት አስገቢው፣ ይበርደዋል።

እህትሽ ኤልዳና
ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ግንቦት 15 ቀን 2008 ዓ.ም.